ከኪንታሮት ቀዶ ሕክምና በኋላ በአምስተኛው ቀን ወደ ድንገተኛ ክፍል ላለመመለስ፦ ዝርዝር መመሪያ

አዳማ ውስጥ በቀዶ ሕክምና ክፍል በነርስነት ስሠራ ደጋግሜ የማየውና ሁልጊዜ የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። ኪንታሮቱ በደንብ ተሠርቶለት በማግስቱ በእግሩ ወደ ቤቱ የሄደ ሰው፣ በአምስተኛው ቀን ሁለት ሰው ደግፎት ይመለሳል። ቁስሉን ስናየው ንጹሕ ነው፤ ሆዱ ግን ተነፍቶ እንደ ከበሮ ተወጥሯል። «ምን እየበሉ ነበር?» ስንለው «ሰገራ እንዳይመጣብኝ ብዬ ሻይና ዳቦ ብቻ» ይላል። በአምስቱ ቀን የተጠራቀመው ሰገራ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል፤ አሁን የሚወጣው ደግሞ በትኩስ ቁስል ላይ ነው።

ቀዶ ሕክምናው ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። የቀረው ሥራ የታካሚውና የአስታማሚው ነው፤ የሥራው ዋና ክፍልም ሰገራን ማለስለስና ሲመጣ ሳይፈሩ ማውጣት ነው። ስለዚህ ከታች ያለውን በቅደም ተከተሉ ይሥሩበት። ሐኪምዎ ከዚህ የተለየ ካዘዘዎት የሐኪምዎን ይከተሉ።

ደረጃ 1፦ በእርግጥ ኪንታሮት መሆኑን ያረጋግጡ

1. ሳይመረመሩ «ኪንታሮት ነው» ብለው አይደምድሙ። ሐኪሙ በጓንት ጣቱ መመርመርና በመሣሪያ ውስጡን ማየት አለበት። ምርመራው ያሳፍራል፣ ግን ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ከሰገራ ጋር የሚወጣ ደም የፊንጢጣ መሰንጠቅ፣ የአሜባ ወይም የትልቁ አንጀት ካንሰር ምልክትም ሊሆን ይችላል። በወንጂ የሸንኮራ አገዳ መስኖ አካባቢ የሚኖሩ ወይም የሚሠሩ ከሆነ ደግሞ ቢልሃርዚያ (በውሃ ውስጥ ካለ ተውሳክ የሚይዝ በሽታ) ስላለ የሰገራ ምርመራ ይጠይቁ።

2. ዕድሜዎ ከ45 ዓመት በላይ ከሆነ፣ ያለ ምክንያት ከከሱ፣ የሆድዎ አመል ከተለወጠ ወይም በቤተሰብ የአንጀት ካንሰር ካለ ይህንን ለሐኪሙ ሳይጠየቁ ይንገሩ። አንጀቱን በካሜራ መታየት ሊያስፈልግዎ ይችላል።

3. «ቀዶ ሕክምና የግድ ነው ወይ?» ብለው ይጠይቁ። የውስጥ ኪንታሮት አራት ደረጃ አለው። አንደኛው ይደማል እንጂ አይወጣም፤ ሁለተኛው በማማጥ ጊዜ ወጥቶ በራሱ ይመለሳል፤ ሦስተኛው በእጅ ካልገፉት አይመለስም፤ አራተኛው ፈጽሞ አይመለስም። አንደኛውና ሁለተኛው፣ አንዳንዴ ሦስተኛውም፣ በምግብና በመድኃኒት ወይም ሥሩን በጎማ ቀለበት በማሰር ሊድኑ ይችላሉ። ይህ ሰመመን አይፈልግም፣ በዕለቱ ወደ ቤት ይሄዳሉ። ቀዶ ሕክምና በአብዛኛው ለሦስተኛውና ለአራተኛው ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ኪንታሮቱን «አቃጥሎ የሚጥል» የባህል መድኃኒት አይቀቡ። የሚያቃጥለው ኪንታሮቱን ብቻ አይደለም። ጤነኛውን ቆዳና የፊንጢጣውን ጡንቻ ይበላል፤ ሲድን ጠባሳው መውጫውን አጥብቦት ሰውየው ዕድሜ ልኩን በማማጥ ይኖራል። በዚህ መንገድ የተጎዱ ሰዎችን አይቻለሁ፤ የጠበበውን ማስተካከል ከኪንታሮቱ ቀዶ ሕክምና ይልቅ ከባድ ነው።

ደረጃ 2፦ ከቀጠሮው 10 ቀን በፊት ሆድዎን ያለስልሱ

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ለስላሳ ሰገራ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ተጀምሮ በጊዜው አይደርስም። አስቀድሞ መልመድ አለበት።

1. በቀን ከ2 ሊትር ያላነሰ ውሃ ይጠጡ። በአዳማ ሙቀት፣ በተለይ በሚያዝያና በግንቦት፣ ሰውነት በላብ ብቻ ብዙ ውሃ ያጣል። በግምት አይሂዱ፤ ባለ 2 ሊትር ጠርሙስ ጠዋት ሞልተው ማታ ባዶ መሆኑን ይዩ። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ካለብዎ መጠኑን ሐኪም ይወስንልዎ።

2. ምስር፣ ክክ፣ ጎመን፣ የገብስ ቅንጬ፣ በሶ፣ አጃ፣ ፓፓያና አቮካዶ ያዘውትሩ። ተቆልቶ የተፈጨ ተልባ አንድ ወይም ሁለት የሾርባ ማንኪያ በብርጭቆ ውሃ በጥብጠው ጠዋት ይጠጡ። ተልባ ያለ ብዙ ውሃ ከተወሰደ ይባስ ያደርቃል። ከሌላ መድኃኒት ጋርም በሁለት ሰዓት ያራርቁት።

3. ጫት ያቁሙ። ጫት ሆድ ያደርቃል፣ የምግብ ፍላጎትን ያጠፋል፣ ለሰዓታትም ያስቀምጣል። ለኪንታሮት ሦስቱም ጠላቶች ናቸው። «ለቀጠሮው ዋዜማ እተወዋለሁ» አይበቃም።

4. የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ዘርዝረው ለሐኪም ያሳዩ። አስፒሪን፣ ዋርፋሪንና ሌሎች ደም የሚያቀጥኑ መድኃኒቶችን በራስዎ ፈቃድ አያቁሙ፣ ሳይናገሩም አይግቡ። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ አስም ወይም የመድኃኒት አለርጂ ካለብዎ ይንገሩ።

5. ለረጅም ጊዜ ሲደማዎ ከነበረ የሄሞግሎቢን ምርመራ ያድርጉ። የደም ማነስ ተገኝቶ የብረት ክኒን ከታዘዘልዎ ክኒኑ ራሱ ሆድ እንደሚያደርቅና ሰገራ እንደሚያጠቁር ይወቁ። የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ እንዲታዘዝልዎ ይጠይቁ።

6. የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ በቅድሚያ ጤና ጣቢያ ሄደው የሪፈር ወረቀት ይያዙ። ያለ እሱ ወደ ሆስፒታል ከሄዱ ክፍያው በራስዎ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ኪንታሮት አብዛኛውን ጊዜ ቀን ተመርጦለት የሚሠራ ስለሆነ ቀጠሮው በጾም ወቅት እንዳይውል ይሞክሩ። የጾም ምግባችን ለሆድ መልካም ነው፤ ችግሩ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀምሱ መዋል ነው። ከዋለብዎ አስቀድመው የንስሐ አባትዎን ወይም ኢማምዎን ያማክሩ። ለታመመ ሰው የሚሰጠውን ፈቃድ እነርሱ ያውቁታል።

ደረጃ 3፦ ቤቱን ያዘጋጁ

ከሆስፒታል ወጥተው መድኃኒት ቤት ለመድኃኒት ቤት መዞር አይችሉምና እነዚህን ቀድመው ይግዙ፦

- ሁለት ሰው ሳይጋራው ለእርስዎ ብቻ የሚሆን፣ መቀመጫዎ በደንብ የሚገባበት ሰፊ ሳፋ
- የሰገራ ማለስለሻ (ላክቱሎስ ሽሮፕ በብዛት የሚታዘዘው ነው)
- ሞዴስ፣ ለወንድም ቢሆን፤ የሚወጣውን ፈሳሽ ይይዛል፣ የደሙንም መጠን ያሳያል
- ሰፋ ያለ የጥጥ የውስጥ ልብስ፣ ንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ፣ ለሽንት ቤት የሚሆን ጆግ

ሽንት ቤቱ በግቢ የጋራ ከሆነ ከጎረቤት ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ። «ተራ ጠብቅ» የሚባል ሰው ሰገራውን ይመልሳል፣ የተመለሰ ሰገራ ደግሞ ይደርቃል። ከአርሲ፣ ከመተሐራ ወይም ከዚያ ራቅ ካለ ቦታ የመጡ ከሆነ ለሁለት ሳምንት አዳማ ውስጥ የሚያርፉበት የዘመድ ቤት ይፈልጉ። ምክንያቱን ደረጃ 8 ላይ ያገኙታል።

ደረጃ 4፦ በቀዶ ሕክምናው ዕለት

1. ምግብ ቢያንስ 6 ሰዓት ቀድሞ ይቁም። ወተትና ወተት ያለው ሻይ እንደ ምግብ ይቆጠራሉ። ሆስፒታሉ ከዚህ የጠበቀ ሰዓት ከነገረዎ እሱን ይያዙ።
2. አካባቢውን በምላጭ አይላጩ። ትንንሽ ጭረቱ ለተሕዋስያን በር ይከፍታል፤ አስፈላጊ ከሆነ እዚያው ይደረጋል።
3. የጥፍር ቀለምና ሂና ከጣትዎ ይልቀቅ፤ ኦክስጅን የሚለካው መሣሪያ በጣት ላይ ስለሚገባ ንባቡን ያዛባል።
4. የስምምነት ፎርሙን ሳያነቡ ወይም ሳይነበብልዎ አይፈርሙ።

ማደንዘዣው ብዙ ጊዜ በጀርባ የሚሰጥ፣ ከወገብ በታች የሚያደነዝዝ መርፌ ነው። «ሽባ ያደርጋል» የሚለው ወሬ ብዙ ሰው ያስፈራል፤ እግርዎ ለጥቂት ሰዓት ከብዶ ቀስ በቀስ ይመለሳል።

ደረጃ 5፦ የመጀመሪያው 24 ሰዓት

1. እግርዎ ሙሉ በሙሉ ሳይመለስ ብቻዎን አይነሡ። ሲነሡም መጀመሪያ በጎን ይዙሩ፣ ይቀመጡ፣ ትንሽ ቆይተው ይቁሙ።

2. ሽንትዎን ይከታተሉ። በ6 ወይም በ8 ሰዓት ውስጥ ካልሸኑ ለነርስ ይንገሩ። ፊኛዎ ሞልቶ ሳለ «ይገፋልኛል» ብለው ውሃ አይጨምሩ፤ ይወጥረዋል እንጂ አይከፍተውም። ለወንዶች ቆሞ መሞከር፣ የቧንቧ ውሃ ድምፅ መስማት ይረዳል። ካልሆነ ለጊዜው ቀጭን ቱቦ ይገባል። የሚያሳፍር ነገር የለውም፣ ከዚህ ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚያጋጥም ነው።

3. ሕመም እስኪበረታ አይጠብቁ። ፓራሲታሞል ለአዋቂ 1 ግራም በየ6 ሰዓቱ ነው፤ በ24 ሰዓት ከ4 ግራም አይበልጥም፣ የጉበት ሕመም ካለ መጠኑ ይቀንሳል። ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ከታዘዘልዎ ምግብ በልተው ይውሰዱ። የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ሕመም ካለብዎ ግን ሐኪሙ ሳያውቅ አይውሰዱ። ትራማዶል ሆድ በጣም ያደርቃል፤ የግድ ሲሆን ብቻ፣ ለአጭር ጊዜ፣ ከማለስለሻ ጋር ይሁን።

4. ሜትሮኒዳዞል ከታዘዘ ጠላ፣ ጠጅ፣ አረቄና ቢራ ክልክል ናቸው፤ ክኒኑ ካለቀ በኋላም ለ3 ቀን ይታገሡ።

5. ቁስሉ ውስጥ ጎዝ (የቁስል ስስ ጨርቅ) ከተደረገ ደረቁን አይሳቡት። ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ሲቀመጡ ርሶ በራሱ ይለቃል።

ወደ ቤት ሲሄዱ በባጃጅ ተቀምጠው በኮብልስቶን ላይ አይንገጫገጩ። በመኪና የኋላ ወንበር በጎንዎ ተኝተው ይሂዱ።

ራስ ምታት ከመጣ፣ ሲቀመጡ ብሶ ሲተኙ የሚለቅ ከሆነ ከጀርባው መርፌ ነው። ጋደም ይበሉ፣ ፈሳሽ ያብዙ፣ ቡና ይጠጡ፣ ማስታገሻዎን ይውሰዱ። ከሁለት ቀን ካለፈ ወይም ትኩሳትና የአንገት መድረቅ ከጨመረበት ይመለሱ።

ደረጃ 6፦ የመጀመሪያው ሰገራ

የመጀመሪያው ሰገራ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን እንዲወጣ ያቅዱ። ያምማል፤ «አያምምም» ብዬ አልዋሽዎትም። ግን ለስላሳ ሰገራ የሚያምመው ለደቂቃዎች ነው፤ የደረቀው ቁስሉን ቀድዶ ቀኑን ሙሉ ያቃጥላል።

1. ማለስለሻውን ከመጀመሪያው ማታ ይጀምሩ። ላክቱሎስ ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 30 ሚሊ ሊትር በቀን ሁለቴ ይታዘዛል። ለመሥራት ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ስለሚፈጅ «ሲደርቅ እወስዳለሁ» አይሠራም።

2. ከመጀመሪያው ቀን ጀምረው ይብሉ። ጠያቂ ዘመድ «ደም ይተካል» እያለ ክትፎ፣ ቅቤና በርበሬ የበዛበት ገንፎ፣ ዶሮ ወጥ ያመጣል። ከልብ አመስግነው ያስቀምጡት። ለሁለት ሳምንት በርበሬ፣ ሚጥሚጣና ዳጣ ይቅርብዎ፤ ሲገባ ያቃጠለ ሲወጣም ያቃጥላል። የምስር አልጫ፣ የጎመን ወጥ፣ ቅንጬ፣ ፓፓያ ይሥሩልዎ።

3. ጠዋት ሲነሡ ሞቅ ያለ ውሃ ጠጥተው ቁርስ ይብሉ። ምግብ ጨጓራ ሲገባ ትልቁ አንጀት ስለሚንቀሳቀስ ሰገራ የሚመጣው ያኔ ነው። ማስታገሻውን ከዚህ ግማሽ ሰዓት ቀድመው ይዋጡ።

4. ስሜቱ እንደመጣ ይሂዱ። «ትንሽ ልቆይ» አይበሉ። ከመሄድዎ በፊት ለ5 ደቂቃ ሞቅ ባለ ውሃ ውስጥ ቢቀመጡ ጡንቻው ይላላል። የሚያደነዝዝ ቅባት ከታዘዘ ያኔ ይቀቡ።

5. አስታማሚ በር ላይ ይቁም፤ በር አይቆለፍ። በሕመሙና በድንጋጤው ራሱን የሚስት ሰው አለ።

6. ቁጢጥ ብለው ከሆነ ግድግዳ ይያዙ፤ በመቀመጫው ሽንት ቤት ከሆነ እግርዎን በትንሽ በርጩማ ላይ ከፍ ያድርጉ። አፍዎን ከፍተው ትንፋሽዎን ቀስ ብለው ያውጡ። ትንፋሽ ይዘው አያምጡ።

7. በ5 ደቂቃ ውስጥ ካልወጣ ይነሡ። ስሜቱ ሲመጣ እንደገና ይሞክሩ። ስልክ ይዘው አይግቡ።

8. በወረቀት አይጥረጉ። በጆግ ውሃ ይታጠቡ፣ ከዚያ ቀጥታ ወደ ሳፋው ይሂዱ። ጥቂት ጠብታ ደም ማየትዎ አያስደንግጥዎ።

ካልሆነስ?

*ሦስተኛው ቀን አልፎ ካልወጣ፦* ለሐኪምዎ ደውለው የማለስለሻውን መጠን ስለ መጨመር ይጠይቁ፤ ውሃና ፓፓያ ያብዙ፣ በቤት ውስጥ ይራመዱ። አራተኛውም ካለፈ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። በራስዎ ሳሙና፣ የፊንጢጣ ክኒንም ሆነ የውሃ ቱቦ አያስገቡ፤ ስፌቱን ይቀድዳል።

*ቀጭን ውሃ መሳይ ነገር እየፈሰሰ ሆዱ ግን ከተነፋ፦* ይህ ተቅማጥ አይደለም። የደረቀው ሰገራ መንገዱን ዘግቶ በጎኑ ውሃው እየሾለከ ነው። የተቅማጥ ማቆሚያ ወስደው የባሰባቸው ሰዎች መጥተው ያውቃሉ። በዚያው ቀን ይታዩ።

*እውነተኛ ተቅማጥ ከሆነ፦* ማለስለሻውን ይቀንሱ። ቅርጽ ያለው ለስላሳ ሰገራ እንጂ ውሃ አንፈልግም። ቁስሉ ጠቦ እንዳይድን በየዕለቱ ቀስ አድርጎ የሚያሰፋው ያ ቅርጽ ያለው ሰገራ ነው።

ከወንጂ የመጡ አንዲት እናት ትዝ ይሉኛል። በቀጠሮ ካርዳቸው ጀርባ በእስክሪብቶ ሦስት መስመር አስምረው ክኒን የወሰዱበትን ሰዓት፣ የጠጡትን ብርጭቆ ውሃና ሰገራ የወጡበትን ቀን ጽፈው መጡ። በሁለተኛው ቀን አጠገብ «ወጣ፣ አለቀስኩ፣ ተሻለኝ» ይላል። እርስዎም እንደ እርሳቸው ይጻፉ፤ ሐኪሙ ሲጠይቅዎ «አላስታውስም» ከማለት ያድናል።

ደረጃ 7፦ በሞቀ ውሃ መቀመጥ

1. ሳፋውን አጥበው እስከ ግማሽ ለብ ባለ ንጹሕ ውሃ ይሙሉ። ሙቀቱን በክርንዎ ይለኩ፤ ሕፃን የሚታጠብበትን ያህል ይሁን። አካባቢው ገና ደንዝዞ ሳለ በጣም የሞቀ ውሃ ሳይታወቅዎ ያቃጥላል።
2. ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይቀመጡ። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከሰገራ በኋላ ደግሞ ሁልጊዜ።
3. ጨው የግድ አይደለም። ጀርም ገዳይ ፈሳሽ፣ አልኮል፣ ፌጦ፣ ቅቤ አይጨምሩ፣ አይቀቡም።
4. በጨርቅ ነካ ነካ አድርገው ያድርቁ፣ አይሹት።

ለመቀመጥ ለስላሳ ትራስ ይጠቀሙ። መሐሉ ክፍት የሆነው ቀለበት ትራስ ደም ወደ ቁስሉ እንዲወርድ ስለሚያደርግ አልመክረውም።

ደረጃ 8፦ ከአምስተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ቀን አይዘናጉ

ሕመሙ ቀለል ስለሚል ሰው «ድኛለሁ» ብሎ የሚሄደው በዚህ ጊዜ ነው። የዘገየ የደም መፍሰስ የሚመጣውም በዚሁ ጊዜ ነው፤ የታሰረው ሥር ላይ ያለው ሥጋ የሚረግፍበት ወቅት ስለሆነ። በሚኒባስ ወደ አሰላ ወይም ወደ አዋሽ ሲጓዙ መንገድ ላይ ከጀመረ የሚደርስልዎ የለም። ስለዚህ ነው ለሁለት ሳምንት ከሆስፒታል አይራቁ ያልኩት።

ምንም የማያሳስበው፦ በሞዴሱ ላይ ጠብታ ደም፣ ለሳምንታት የሚቆይ ቢጫ ፈሳሽ፣ ማሳከክ፣ የጠርዙ ማበጥ፣ ጋዝ መቆጣጠር ለጊዜው ማቃት።

ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚያስሄደው፦

- ሞዴስ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚያርስ ወይም የረጋ ደም፤ በተለይ ማዞርና የልብ ምት መፍጠን ካለበት
- 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት
- መቀነስ ሲገባው ዕለት ዕለት የሚጨምር ሕመም፣ መግል ወይም መጥፎ ሽታ
- ሽንት መከልከል። ሕመም፣ ትኩሳትና የሽንት መከልከል አብረው ከመጡ ሌሊትም ቢሆን እንዳያድር፤ አደገኛ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል።

ደሙ ሲፈስ በጎንዎ ተኝተው ንጹሕ ጨርቅ አጥፈው አጥብቀው ይጫኑ፣ አስታማሚው መኪና ይጥራ። ብቻዎን አይሂዱ። ደሙን ለማየት ደጋግመው ሽንት ቤት አይቀመጡ።

ደረጃ 9፦ ወደ ሥራ መመለስ

የቢሮ ሥራ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት፣ ሸክምና ከባድ ጉልበት ቢያንስ ከአንድ ወር በኋላ። ቁስሉ ክፍት ተትቶ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ለመዳን ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። የጅቡቲ መስመር ሾፌሮች ወር ሳይሞላ መሪ እንዳይዙ እለምናለሁ። ሲመለሱም በየሰዓቱ ወርደው ይራመዱ፣ ውሃ ካቢና ውስጥ ይኑር፣ ሰገራ ሲመጣ «ሚሌ ስደርስ» አይበሉ።

የሐኪም ፈቃድ ወረቀት ሳይዙ ከሆስፒታል አይውጡ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ለመጀመሪያው አንድ ወር የሕመም ፈቃድ ሙሉ ደመወዙን ያገኛል። ስለዚህ ደመወዝ ይቆረጣል ብለው በስምንተኛው ቀን ጆንያ ለመሸከም አይሂዱ።

ማለስለሻውን በአንድ ጊዜ አያቁሙ፤ በሐኪም ምክር በሳምንታት ውስጥ እየቀነሱ ይተዉት። ውሃው፣ ተልባውና ጎመኑ ግን ይቀጥላሉ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ሰገራው እንደ እርሳስ ከቀጠነ ወይም ያለ ማማጥ አልወጣ ካለ መውጫው እየጠበበ ሊሆን ይችላል። በጊዜ ከመጡ በቀላሉ ይስተካከላልና የመጨረሻውን ቀጠሮ «ደህና ነኝ» ብለው አይቅሩ።